እንዶድ በሮክ ክሪክ
(ስለ ዕፅዋት ጉዟችንና ስለ ዕፅዋት ስም ታሪክ)



የዝግጅት ክፍሉ ለ10ኛው ዓመት መጽሔታችን ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ልማዳችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት እጽፋለሁ ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ታክሲዬን አቁሜ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሮክ ክሪክ ጫካ ውስጥ ስላየሁትና ከዚያ በኋላ ሳገላብጥ ስላገኘሁት ነገር ለመጻፍ መርጫለሁ። ጦርነትም ቢሆን አልጠፋበትም፤ ንጉሥም አለበት። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የመጀመሪያው ጉዞ የተደረገው ማኅበራችን በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2017 መስከረም ማለቂያ ላይ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የልጆች ኮሚቴ ነው። ልጆቹ ከአርብ ማታ እስከ እሑድ ስልካቸው ላይ እንደሚያፈጡ፣ ወላጆችም ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ እንቅልፍ እንደሚጥላቸው ተነገረና፣ «እስቲ አንድ ቅዳሜ እንኳ ከቤት እንውጣ» ተባለ። የፓርኩ የተፈጥሮ ማዕከል ያለ ክፍያ አስጎብኚ እንደሚሰጥ አንዷ እኅታችን አጣርታ መጣች። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለዕፅዋቱ ብዬ ሳይሆን መኪና የሌላቸውን እናቶችና አባቶች እንዳመላልስ ስለ ተለመንኩ ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች ተገኙ፤ ዘጠኙ ልጆች ናቸው። እናቶች ነጠላቸውን ደርበው፣ ከሥር ሸራ ጫማ ተጫምተው፣ ቡና በፔርሙስ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ስማር ቆይቼ በ1993 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ምክንያቱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጣሁበትን መንገድ አብዛኞቻችሁ በየራሳችሁ ታውቁታላችሁ። በ16ኛው መንገድና በቢች ድራይቭ ተሳፋሪ ይዤ ለዓመታት ስመላለስ ግራና ቀኙን የሞላውን ዛፍ እንደ ግድግዳ ነበር የማየው። አንዱን እንኳ በስሙ አላውቀውም ነበር። (የላይኛው ቢች ድራይቭ ከ2020 ጀምሮ ለመኪና ተዘግቶ፣ በ2022 እንደ ተዘጋ እንዲቀር ተወስኗል። ለእግረኛው እሰየው፤ ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።)

አስጎብኚያችን አንዲት ወጣት ሬንጀር ነበረች፤ አንገቷ ላይ ትንሽ አጉሊ መነጽር አንጠልጥላለች። መጀመሪያ የነገረችን ሁለት ነገር ነው፦ ከፓርኩ ውስጥ ምንም ቅጠል እንዳንቀነጥስ፣ ሕጉ ስለማይፈቅድ፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣውንም ሐረግ እንዳንነካ። ፖይዝን አይቪ የሚሉት ይህ ሐረግ የኛን ሳማ የዋህ ያሰኛል። ሳማ በነካህ ቅጽበት ይነግርሃል፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎህ ሄዶ በማግስቱ ነው የሚያቃጥልህ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝን መንገዱ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ቆሞ አገኘን። ግንዱ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ፣ ጥቁር ሐምራዊ ነው። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ የመጡ አንዲት የሰሜን ሸዋ እናት ነበሩ። ሁላችንም «እማማ» ስለምንላቸው እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ድንገት ቆሙና፣

«ውይ! እንዶድ! እንዶድ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ።

ሬንጀሯ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። እሷም በአክብሮት፣ አይደለም፣ ይህ ፖክዊድ ይባላል፣ የዚሁ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፣ ፍሬውም ሥሩም መርዝ ስለሆነ ልጆቹን ጠብቁ አለች። እማማ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔኮ በእንዶድ ልብስ ሳጥብ ያደግሁ ሰው ነኝ። አበባው አንድ፣ ዘለላው አንድ። ንገራት እንጂ!» አሉኝ። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ መሐል ቆሜ ለዚያም ለዚህም ስተረጉም፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አንድ ቃል ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ፦ ፋይቶላካ። የኛው እንዶድ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ፣ የዚህ አገሩ ፋይቶላካ አሜሪካና ነው። የአንድ ወገን ሁለት ዝርያዎች፣ ባሕር የለያቸው ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሴቶች ትክክል ነበሩ። ሬንጀሯ አፏን ከፍታ አየችኝ። የታክሲ ነጂነቴን ቀድማ ሰምታ ነበርና።

ትናንት በነፋስ የወደቀ አንድ ዘለላ መሬት ላይ ስለነበረ እማማ እሱን እንዲነኩ ተፈቀደላቸው። በመዳፋቸው ሲያሹት ደማቅ ቀይ ውኃ ወጣና የነጠላቸው ጥለት ላይ ተንጠባጠበ። «እንዶድስ ልብስ ያነጻል፤ ይሄ ወንድሙ ግን ልብስ አበላሺ ነው» ብለው አሳቁን። እውነትም በጥንት ጊዜ የዚህ አገር ሰዎች የፖክዊድን ፍሬ ለመጻፊያ ቀለም ይጠቀሙበት ነበር። በደቡብ ክፍለ ሀገራት ያሉ ድኆችም ለጋ ቅጠሉን ውኃ እየቀያየሩ ደጋግመው ቀቅለው እንደ ጎመን ይበሉታል። ይህን የጻፍኩት እንድትሞክሩት አይደለም፤ የመቀቀሉን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ሆስፒታል ይገባበታል።

ስለ እንዶድ ሳነሳ አንድ ሰው ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪክ አበላሻለሁ። ዓድዋ ሲባል ሁላችንም 1888 ዓ.ም.ን እናስባለን። በ1964 ግን አንድ ወጣት ተመራማሪ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሊያጠኑ ዓድዋ ሄደው ነበር። ብልሃርዝያ ወደ ሰው የሚተላለፈው በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ፣ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት እንዳሉ አስተዋሉ። እንግዲህ ወንዙ ውስጥ ያሉትን ያንን የእንዶድ አረፋ ስንት ሰው አይቶት አልፏል! እሳቸው ቆም ብለው ጠየቁ። የቀረው ሥራ ዓመታት ፈጀ። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 እሳቸውና የሥራ ጓደኛቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 በዚሁ በአሜሪካ አርፈዋል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውኃ ፍጡር ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ በዚህ አገር ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውኃ ቧንቧ መድፈን ጀመረ። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል ስላረጋገጡ፣ ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ በአጠቃቀሙ ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዶክተር አክሊሉም የሥራው ተካፋይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሕዝብ የቆየ ዕውቀት በውጭ አገር መዝገብ ሲገባ ባለቤቱ ማነው የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር እንዶድ በምሳሌነት ይጠቀሳል። እኔ ሕግ አልተማርኩምና ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን ወንዝ ዳር የነበሩት የዓድዋ ሴቶች ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አለመኖሩን ልብ ይሏል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ2018፣ ወደ ሜሪላንድ በኩል ስንወጣ እርሻ ዳር ሌላ የምናውቀው ተክል ገጠመን፤ ነጭ የመለከት አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። አገር ቤት አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለው አብሾም ከዚሁ ተክል እንደሚዘጋጅ ከልጅነታችን ስንሰማ አድገናል። አሜሪካውያን ጂምሰንዊድ ይሉታል። ስሙ የመጣው ከጄምስታውን ነው፤ ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚገኝ፣ በ1607 የተቆረቆረ የእንግሊዞች የመጀመሪያ ቋሚ ሰፈር። በ1676 ቤከን የተባለ ሰው የመራው ዐመፅ ተነሥቶ ነበርና ያንን ሊያበርዱ የመጡ ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው በሉት። ሮበርት ቤቨርሊ የተባለ የቨርጂኒያ ታሪክ ጸሐፊ በ1705 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ወታደሮቹ ለአሥራ አንድ ቀን አእምሯቸውን ስተው እንደ ሕፃን ሲጫወቱ ሰነበቱ፤ ራሳቸውን እንዳይጎዱም ተዘግቶባቸው ነበር። ሲነቁ አንዱንም አያስታውሱም። እንግዲህ የኛ ሰው «አስተናግር» ብሎ ሲሰይመው፣ እነሱ ደግሞ ጉዱ በታየበት ከተማ ስም ሲጠሩት፣ ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው። ተክሉ ግን የኛ አይደለም። የትውልድ አገሩ ይህ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው፤ እንደ በርበሬና እንደ በቆሎ ባሕር ተሻግሮ ነው የደረሰን። እኛ እዚህ ስንመጣ እሱ ቀድሞ ወደኛ ሄዶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሮክ ክሪክ ልመለስ። ፓርኩ የተቋቋመው ኮንግረስ ባወጣውና ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በፈረሙት ሕግ መስከረም 27 ቀን 1890 ነው፤ ዛሬ እዚህ መስቀልን የምናከብርበት ቀን ማለት ነው። ስፋቱ ከ1,700 ኤከር በላይ፣ በኛ አለካክ ወደ 18 ጋሻ ገደማ ይሆናል። ሰው ሲያየው ከጥንት ጀምሮ ያልተነካ ጫካ ይመስለዋል። ግን አይደለም። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ዋና ከተማዋን ለመጠበቅ በዙሪያዋ ምሽግ ሲሠራ፣ መድፈኛው አሻግሮ እንዲያይ ተብሎ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ተጨፍጭፏል። ፎርት ዴሩሲ የተባለው ምሽግ የአፈር ክምር ዛሬም ፓርኩ ውስጥ ይታያል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ምግብ ቤቶቻችን ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ፎርት ስቲቨንስ ደግሞ ሐምሌ 11 እና 12 ቀን 1864 የደቡብ ጦር ከተማዋን ሊይዝ የሞከረበት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ራሳቸው ምሽጉ ላይ ቆመው ተኩስ ያዩት እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንጋጠን የምናያቸው ረጃጅም ዛፎች አብዛኞቹ ከዚያ ጉቶና ከተተወ እርሻ ላይ ተመልሰው የበቀሉ ናቸው።

ይህ ተመልሶ የሚበቅል ጫካ ምን ምን ተክል እንደያዘ በእግሩ ዞሮ የመዘገበ አንድ ሰው አለ። ሌስተር ዋርድ ይባላል። በ1841 ከድኃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ዘምቶ በ1863 ቻንስለርስቪል ላይ ቆሰለ። በ1865 ዋሽንግተን መጥቶ በግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ ዛሬ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ኮሌጅ ሦስት ዲግሪ አገኘ። በዕረፍት ቀኑ በከተማዋ ዙሪያ እየተንከራተተ ዕፅዋት ይሰበስብ ነበርና በ1881 የዋሽንግተንና የአካባቢዋን ዕፅዋት መምሪያ መጽሐፍ አወጣ። ሮክ ክሪክ በመጽሐፉ ውስጥ ከተጠቀሱት ስፍራዎች አንዱ ነው። ኋላ ሰውየው በኅብረተሰብ ጥናት ስመ ጥር ሆነ፤ የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። እኔ ግን የምወደው ቀን ቢሮ፣ ማታ ትምህርት፣ እሑድ ጫካ የሚለውን ዋርድን ነው። ከመካከላችን እንዲህ የኖረ ስንት ሰው አለ፣ ሦስተኛውን ሳይጨምር!

አሁን ወደ ሽበቱ ጉዳይ ልግባ።

በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ከልጆቹ አንዱ የአንድ ወፍራም ዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የነበረውን ግራጫማ አረንጓዴ ነገር አይቶ «ዛፉ ታሟል?» ብሎ ጠየቀ። ሬንጀሯ አልታመመም፣ ይህ ላይከን ነው ብላ አጉሊ መነጽሯን ሰጠችው። እኛም ተራ በተራ አየን። ክብ ነው፤ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ የተኮማተረ፣ መሐሉ በዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል። ዛፉን አይመገበውም፤ እንደ መቀመጫ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ፣ የሳንቲም ያህል የሰፋው የልጁን ዕድሜ ሊስተካከል እንደሚችል ስትነግረው ልጁ እጁን ሰበሰበ።

እማማ ይህንንም አወቁት። «በኛ አገር ድንጋይ ላይ ያለውን የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥማ ከዛፉ እንደ መነኩሴ ጺም ተንጠልጥሎ ነው የምታየው» አሉ። ይህ ጺም መሰሉ አስኒያ የሚባለው የላይከን ወገን ነው። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው አስታውና ኮሶው ላይ ተንዠርጎ አይቶት ይሆናል። ሬንጀሯ ጺሙ በዚህ ከተማ የማይታይበትን ምክንያት ስትነግረን ሁላችንም ዝም አልን። ላይከን ሥር የለውም። የሚጠጣውንም የሚበላውንም ከዝናብና ከአየር ስለሚቀበል፣ አየሩ የያዘውን መርዝ መርጦ መተው አይችልም። አስኒያ ጭስ ሲበዛ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ ነው፤ ቅርፊት ላይ የተለጠፈው ግን ይችላል። ስለዚህ ዛፉን አይቶ የከተማውን አየር ማወቅ ይቻላል። ይህን ያስተዋለው ኒላንደር የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ ነው። በ1866 ፓሪስ ውስጥ በሉክሰምበርግ መናፈሻ ያሉትን ላይከኖች ቆጥሮ፣ ከከተማው ሌላ ክፍል ይልቅ እዚያ መብዛታቸው የአየሩን ንጽሕና እንደሚያሳይ ጻፈ። በዚህ አገርም ከ1970 የንጹሕ አየር ሕግ ወዲህ የመንግሥት የደን ሠራተኞች የአየር ብክለትን ለመከታተል ላይከን እየመዘገቡ ይሠራሉ። ቀኑን ሙሉ ሞተር አስነሥቼ ተሳፋሪ ስጠብቅ ለምውል ለእኔ ነገሩ ወቀሳ መስሎ ነበር የተሰማኝ።

ላይከን ምን እንደሆነ ራሱ ረጅም ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው። ስዊድናዊው አካሪየስ፣ የታላቁ የሊኔየስ ተማሪ የነበረ፣ ላይከኖችን ለይቶ ስም ሲሰጥ ዕድሜውን ጨረሰ፤ የሞተው በ1819 ነው። እሱና ዘመነኞቹ ላይከንን እንደ አንድ ተክል ነበር የሚያዩት። በ1867 ሽቬንደነር የተባለ የስዊስ ሰው ተነሥቶ፣ ላይከን አንድ ፍጡር አይደለም፣ ፈንገስና ዋቅላሚ (አልጌ የሚሉት) አብረው የሚኖሩበት ጉርብትና ነው አለ። ዋቅላሚው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል፤ ፈንገሱ ቤት ይሠራለታል፣ ውኃ ይይዝለታል። ዕድሜ ልካቸውን ላይከን ያጠኑ ሊቃውንት ተቆጡ፤ ከተቆጡት ዋነኛው ያው ኒላንደር ነበር። ጊዜ ግን ለሽቬንደነር ፈረደለት። በ2016 ደግሞ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በብዙ ላይከኖች የላይኛው ቆዳ ውስጥ ሦስተኛ ነዋሪ እንዳለ ተገለጸ። ሦስተኛው ነዋሪ እርሾ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ለእማማ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። «እርሾ የሌለበት ነገር መቼ ይቆማል» ብለው መለሱልኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የተማራችሁ ሁሉ ላይከንን በእጃችሁ ይዛችሁታል፤ አሲድ ሲነካው የሚቀላው የሊትመስ ወረቀት ቀለሙ በጥንቱ አሠራር ከላይከን የሚወጣ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ነክሬው ስንት ጊዜ ጥዬዋለሁ፣ ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ።

ዓድዋን ገና አልጨረስኩም። ከዶክተር አክሊሉ መቶ ሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ1837፣ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሊሰበስብ ወደ ትግራይ መጣ። ሊመለስ ነበር የመጣው፤ ሳይመለስ ቀረ። አገራችንን ለምዶ፣ ያገራችንን ሴት አግብቶ፣ ከደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አካባቢ ተሹሞ ኖረ። የሰበሰባቸው ደረቅ ዕፅዋት በአውሮፓ ሙዚየሞች ተበተኑ። ለብዙ ዕፅዋቶቻችን ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በእሱ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከያዟቸው አውሮፓውያን ጋር መቅደላ ቆይቶ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ተለቀቀ። ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሲገቡ እሱ ወደ ዓድዋ ተመለሰና በ1878 እዚያው ሞተ። ሺምፐርን ከብዙዎቹ ዘመነኞቹ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ተክሉን ብቻ ሳይሆን የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስምና የሚጠቀምበትን ጥቅም ጭምር ይጽፍ ነበር። ስሙን የነገሩት ገበሬዎችና እረኞች እነማን እንደነበሩ አናውቅም፤ ግን ቢያንስ ቃላቸው ተርፏል።

አራት ኪሎ በነበርኩበት ጊዜ ይህንን ሥራ የሚሠራው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከመማሪያ ክፍላችን ሩቅ አልነበረም። ሄርባሪየሙ የተቋቋመው በ1959 ነው። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ከስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጾች ተመዝግበው አልቀዋል፤ ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ነው። መሪ ከነበሩት ውስጥ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳና ስዊድናዊቷ ዶክተር ኢንጋ ሄድበርግ ይገኙበታል። ሥራው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ በዚያ መሐል መንግሥት ተለወጠ፣ አገር ለሁለት ተከፈለ፣ መዝገቡ ግን አልተቋረጠም። እኔም እንደ ማንኛውም ተማሪ ከእንጦጦ ቅጠል ሰብስቤ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጭኜ አድርቄ ነበር። ሠላሳ አምስት ናሙና። የሳይንሱን ስም ከመጽሐፍ እየፈለግሁ ጽፌ፣ «የአካባቢ ስም» የሚለውን መስመር ግን ለአብዛኞቹ ባዶ ትቼው ነበር። ደብረ ብርሃን ያደግሁ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ አላውቀውም፤ ኋላ እጠይቃለሁ ብዬ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እማማ የሚያውቁትን የተክል ስም አንድ በአንድ እንዲነግሩኝና እኔም በደብተር እንድጽፍ ተስማምተን ነበር። በጉዞ ላይ ያወቁትን ዘመድ ተክል ሁሉ መዘገብን። ጸጉራም ሰፊ ቅጠል ያለውን መለን የሚባለውን የመንገድ ዳር ተክል ሲያዩ «ቀጠጥና» አሉ፤ ወገኑ አንድ ነው። በ2019 መስከረም በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ኬኒልዎርዝ ስንሄድ ረግረጉ ቢጫ ለብሶ አገኘነው፤ እናቶች እልልታቸውን አቀለጡት። አደይ አበባ! የሁለቱም ወገን ባይደንስ ይባላል (ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰውዬ እንዳይመስሏችሁ፤ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው)። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ2020 ኮሮና መጣና ጉዞው ተቋረጠ። በስልክ እንቀጥላለን ተባባልን፤ እኔ ደግሞ ታክሲው ሲቀዘቅዝ ዕቃ ማመላለስ ጀምሬ ነበርና «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ስል ቆየሁ። በ2022 ጉዞው እንደገና ሲጀመር የእማማ ጉልበት ደክሞ ነበር። የካቲት 2024 አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ደብተሩ ውስጥ 47 ስሞች አሉ። ሠላሳ አምስቱን ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ለማገናኘት ችያለሁ። ለአሥራ ሁለቱ ግን አልቻልኩም፤ በስልክ የነገሩኝ ናቸውና ቅጠሉንም አበባውንም አብረን አላየነውም። አንዱ ላይ «በማለዳ ብቻ የሚሸት፣ ግድግዳ ሥር የሚበቅል፣ ለአራስ የሚታጠን» ብዬ ጽፌያለሁ። ይኸው ነው። ስሙ አለ፤ ተክሉ የለም። አራት ኪሎ የተውኳቸው ናሙናዎች ደግሞ ተክሉ አለ፤ ስሙ የለም።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዞው እንዲቀር ሐሳብ ያቀረቡ አባላት ነበሩ። የሚመጣው ሰው ትንሽ ነው፣ ቅዳሜ ሰው ለእንጀራው የሚሮጥበት ቀን ነው፣ ለፓርኪንግ ቅጣት የተዳረጉም አሉ ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። እኔም በዚያ ጠዋት የማጣውን ገቢ አውቀዋለሁ። ድምፅ ሲሰጥ በሁለት ድምፅ ብልጫ ለአንድ ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጉዞ ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከተፈጥሮ ማዕከሉ በር ይነሣል። ረጅም ካልሲ አድርጉ፤ መዥገር አለ። አያት ያላችሁ አያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መራመድ ለማይችሉት ከማዕከሉ ጀርባ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች አጭር መንገድ አለ። የአሥራ ሁለቱ ስሞች ዝርዝር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ተለጥፏል። ከዝርዝሩ አንዱን እንኳ የሚያውቅ ወይም አገር ቤት ደውሎ ሊጠይቅልኝ የሚችል ሰው ካለ፣ እርሳሱ እዚያው በክር ታስሯል።